«ባንክዎ ነኝ» የሚል ኢሜይል ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» በሉት

አጎቴ ደሴ ከተማ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። በቀላሉ የሚሸወድ ሰው አይደለም። ኦሪጅናል ኩሽኔታን ከፎርጅዱ በእጁ መዘን አድርጎ ይለያል። ፎርጅድ ብርም ገና ሲነካው ያውቃል። ታዲያ ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደወለልኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ባንኩ ፋይዳህን ካላስገባህ ነገ ሂሳብህን እዘጋዋለሁ ብሎ ኢሜይል ላከልኝ። እየሞላሁለት እያለ መብራት ጠፋ። በስልኬ ዳታ ልጨርሰው ወይ?» አለኝ።

በዕድሜዬ መብራት ጠፋ ሲሉኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ስሙን ሞልቷል፣ የሂሳብ ቁጥሩን ሞልቷል፣ ስልኩን ሞልቷል። የቀረው ፒኑ ነበር። «አብሽር፣ ምንም እንዳትነካ» ብዬ ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ኢሜይሉን ሳየው ለራሴም ደነገጥኩ። አርማው ልክ ነው፣ ቀለሙ ልክ ነው፣ አማርኛው ከኔ አማርኛ ይሻላል። ኩሽኔታ የሚለየው ዓይን ለዚህ አይሠራም፤ ለኢሜይል ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። ያን ማታ በሻማ ለአጎቴ ያሳየሁትን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ፣ በኋላ የጨመርኳቸውም አሉ።

ማጭበርበሩን ፈረንጆቹ ፊሺንግ ይሉታል። ከዓሣ ማስገር የመጣ ቃል ነው። በእነሱ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የሰው ፓስወርድ በሐሰተኛ መልእክት የሚሰርቁ ልጆች ነበሩ፤ ስሙ የወጣው ያኔ ነው። ሐይቅ ላይ ሲያሰግሩ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። መረብ የሚጥል አለ፣ መንጠቆ የሚጥል አለ። መረቡ ለ10 ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል በትኖ የገባለትን ቆሮሶ ይለቅማል። መንጠቆው ግን አንተን ብቻ ነው የሚፈልግህ። ስምህን ያውቃል፣ ምን እንደምትነግድ ያውቃል፣ ማጥመጃውን የሚያዘጋጀው በአንተ ልክ ነው። የአጎቴ የመረብ ነበር። ለነጋዴና ለመሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ የሚላከው ብዙ ጊዜ የመንጠቆው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ፦ ኢሜይላችሁን ለባንኩ ሰጥታችሁታል?

የኛ አገር ሰው ይህን ጥያቄ ቢጠይቅ ግማሹ ሌባ እዚሁ ይቀራል። ሂሳብ ስትከፍቱ የሞላችሁትን ፎርም አስታውሱ። ስልክ ቁጥር ጻፋችሁ፣ የእናት ስም ጻፋችሁ፣ ኢሜይል የምትለዋን ቦታ አብዛኛው ሰው ባዶ ትቷት ነው የፈረመው። ባንኩ ከእናንተ ጋር የሚያወራው በቴክስት ነው። ታዲያ ያልሰጣችሁትን ኢሜይል ከየት አገኘው? አጎቴን ይህን ስጠይቀው ዝም አለ። ኢሜይሉን የከፈተችለት ልጁ ናት፣ ዱባይ ካለው አቅራቢ ጋር እንዲጻጻፍበት። ባንኩ ስለዚያ ኢሜይል የሚያውቀው ነገር የለም።

ኢሜይላችሁን ሰጥታችሁ ከሆነ ደግሞ የቱን እንደሰጣችሁ አስታውሱ። ሁለት ኢሜይል ያለው ሰው ለባንክ ባልሰጠው በኩል ከ«ባንኩ» መልእክት ከመጣለት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ጥሩ ውሸት እውነት ላይ ተሳፍሮ ነው የሚመጣ

አጎቴን የያዘው የፋይዳ ነገር ነው። ባንኮች ፋይዳችሁን ከሂሳባችሁ ጋር አገናኙ ማለታቸው እውነት ነዋ! ወረፋውን ሁሉም አይቶታል። ሌባውም አይቶታል። ስለዚህ «የሚሉት እኮ እውነት ነው» ብላችሁ አትረጋጉ። የፋይዳው ጉዳይ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ኢሜይሉ ግን የሌባ ነው። ሁለቱን ለዩ።

በዓል ሲደርስ ማጥመጃው ይቀየራል። ለእንቁጣጣሽና ለኢድ «ባንኩ ለደንበኞቹ ስጦታ አዘጋጅቷል» ይላል፣ ሲስተም ተበላሸ የሚል ወሬ ሲነሳ ደግሞ «ሂሳብዎን ያረጋግጡ» ይሆናል። ወሬው ምንም ይሁን ምን ግፊቱ ግን አንድ ነው፦ ቶሎ በሉ። 24 ሰዓት፣ ዛሬ ማታ፣ ከመዘጋቱ በፊት። የሚመጣበትን ሰዓትም ልብ በሉ። ቅዳሜ ማታ፣ እሑድ፣ የበዓል ዋዜማ፤ ቅርንጫፉ ዝግ የሆነበት፣ ሄዳችሁ የማትጠይቁበት ሰዓት። እውነተኛ ባንክ ደንበኛውን በቅዳሜ ማታ አጣድፎ ምን ይጠቀማል? ለራሱ እንኳ ሰኞ ጠዋት ገብቶ ነው ሥራ የሚጀምረው።

የፊደል ስህተት ፈልጉ የሚለውን የድሮ ምክር ግን እርሱት። ድሮ በትርጉም ማሽን የተጻፈ ጎልዳፋ አማርኛ ነበር የሚልኩት፣ ያን ጊዜ ይሠራ ነበር። አሁን ለሌባውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለለት፣ አሳምሮ ይጽፍለታል። እንዲያውም እውነተኛ ባንክ የላከው ቴክስት ላይ ነው አንዳንዴ የፊደል ግድፈት የማየው።

የማን ልጅ ነህ?

ዋናው ይሄ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ኢሜይል ሲመጣ ከላይ የሚታየው ስም ምንም አይደለም። ማንም ሰው ስሙን «የእገሌ ባንክ ደንበኞች አገልግሎት» ብሎ መመዝገብ ይችላል፣ እኔም አሁን ተነስቼ እችላለሁ። ስለዚህ ስሙን አትዩ። ስልክ ላይ ከሆናችሁ ከስሙ ስር ያለችውን ትንሽ ቀስት ንኩና ሙሉውን አድራሻ አውጡት። አድራሻው መሃል ላይ አት የምንላት ምልክት አለች፣ ያቺ የተከበበችው ኤ። ከእሷ በፊት ያለው አይጠቅማችሁም። ከእሷ በኋላ ያለውን ነው የምታነቡት።

አነባበቡ እንደኛ ስም ነው። የኛ ስም መጀመሪያ የራስ፣ ከዚያ የአባት፣ ከዚያ የአያት ነው። የልጅን ስም ማንም እንደፈለገ ያወጣል፤ ልጄን ንጉሥ ብዬ ብጠራው ንጉሥ አይሆንም። የማን ልጅ እንደሆነ የሚታወቀው በአባቱ ነው። የኢንተርኔት አድራሻም እንዲሁ ነው። ነጥብ እየተደረገ ይደረደራል፣ መጨረሻ ላይ ያለው አያት ነው፦ ነጥብ ኮም፣ ነጥብ ኢቲ፣ ወይም ሁለቱ ተጣምረው ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ። ከአያቱ ቀድሞ ያለው ቃል አባቱ ነው። ባለቤቱ እሱ ነው። ከአባቱ በፊት የተደረደረው ሁሉ የልጅ ስም ነው፣ እንደፈለጉ የሚያወጡት።

እና ሌባው ምን ያደርጋል? የባንኩን ስም ለልጁ ያወጣለታል። «ባንካችሁ ነጥብ ኢቲ ነጥብ ሰርቪስ ነጥብ ኮም» ብሎ ይጽፋል። ዓይናችሁ ከፊት ያለውን ባንካችሁ ነጥብ ኢቲ የሚለውን አይቶ ይረካል። ግን አያቱ ኮም ነው፣ አባቱ ሰርቪስ ነው፣ ባንኩ የለበትም። ሌላው ዘዴ ሰረዝ ነው። «ባንካችሁ ሰረዝ ሴኩሪቲ ነጥብ ኮም» ሲል ሰረዝ ነጥብ ስላልሆነ ሙሉው አንድ ስም ነው፤ ባንካችሁ የሚለውና ባንካችሁ ሰረዝ ሴኩሪቲ የሚለው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ የፊደል ማምታታት አለ። በላቲን ትንሿ ኤል እና ቁጥር 1 ይመሳሰላሉ፣ ኦ እና ዜሮ ይመሳሰላሉ። አር እና ኤን ጎን ለጎን ሲጻፉ ደግሞ ኤም ይመስላሉ፤ በትንሽ ስልክ ስክሪን ላይ እኔም አልለየውም። ስለዚህ ጎላ አድርጋችሁ አንብቡት። በጂሜይል ወይም በያሁ አድራሻ የሚጽፍላችሁ «ባንክ» ካለማ ማንበብም አያስፈልገውም፣ አጥፉት።

ሊንኩንም በዚሁ መንገድ ነው የምታነቡት። ስልክ ላይ ሳትከፍቱት ጣታችሁን ለአፍታ አቆዩበት፣ ትክክለኛው አድራሻ ብቅ ይላል። ኮምፒውተር ላይ ማውሱን ብቻ አስጠጉት፣ ሳትጫኑት ከታች በስተግራ ጥግ ይታያል። መጀመሪያ ላይ ተጣምረው የሚመጡትን ሁለት ያዘመሙ መስመሮች ዝለሉና ከሚቀጥለው ያዘመመ መስመር በፊት ያለውን ብቻ እዩ፣ አባቱ እዚያ ነው። ከመስመሩ በኋላ የባንኩ ስም 10 ጊዜ ቢጻፍ ጌጥ ነው። የቁልፍ ምልክት አለው ብላችሁም አትመኑ። ቁልፉ የሚለው በመንገድ ላይ ሌላ ሰው አያዳምጣችሁም ነው እንጂ የምታወሩት ሰው ሐቀኛ ነው አይልም። የሌባውም ገጽ ቁልፍ አለው። ሊንኩን ትቶ ኪውአር ኮድ የሚልክም አለ፤ ኮዱን በዓይን ማንበብ ስለማይቻል ነው፣ እሱን ጭራሽ አታንሱት።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። አድራሻው ሐሰት ከሆነ ኢሜይሉ ሐሰት ነው፣ አበቃ። አድራሻው ትክክል ከሆነ ግን ኢሜይሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። የላኪ አድራሻ ራሱ የሚመሰልበት ጊዜ አለ፣ የባንኩ ሠራተኛ ኢሜይል የሚሰረቅበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ አባቱን ካያችሁ በኋላም ምን እንደሚጠይቃችሁ እዩ።

ምን ፈልጎ ነው?

ባንክ አራት ነገር በኢሜይል አይጠይቅም፣ በቴክስትም፣ በስልክም፣ በቴሌግራምም። ፒን፣ ፓስወርድ፣ በቴክስት የሚመጣው የአንድ ጊዜ ኮድና ከካርዱ ጀርባ ያሉት ሦስት አሃዞች። አንዱን ከጠየቀ ሌባ ነው። «ለማረጋገጥ ነው» ቢል ሌባ ነው። «እኛ ራሳችን የላክነውን ኮድ ንገሩን» ቢልም ሌባ ነው፣ እንዲያውም የለየለት።

እዚህ ላይ ወሎ ውስጥ ብዙ የሚጎዱት እናቶች ናቸው። ከየገጠሩ ስንት ልጅ ነው ሳውዲና ቤሩት ያለው፣ ቤቱ የሚተዳደረው በሚልኩት ነው። «ከሪያድ ገንዘብ ተልኮልዎታል፣ ለመቀበል ፒንዎን ያስገቡ» የሚል መልእክት ሲመጣ እናት ልቧ ቀድሞ ይሄዳል። ለእናቶቻችሁ አንድ ነገር ብቻ አስይዟቸው፦ ገንዘብ ለመቀበል ፒን አያስፈልግም። ፒን የሚያስፈልገው ሲወጣ ነው። በዌስተርን ዩኒየን የተላከ ከሆነ 10 አሃዝ ያለው ቁጥር አለው፣ እሱን የምትነግራት ልጇ ናት፣ ራሷ ደውላ፣ በራሷ ድምፅ። ከዚያ በዚያ ቁጥርና በመታወቂያ ባንክ ሄዶ መውሰድ ነው። ልጆቹም እዚያው ሆነው ይጠመዳሉ፤ «የኤቲኤም ካርድዎ ታግዷል» የሚል በአረብኛ የተጻፈ መልእክት ይመጣላቸዋል፣ አረብኛውን በደንብ ስለማያነቡ ይደነግጡና ይደውላሉ። ስትደዋወሉ ይህንንም አንሱላቸው።

አባሪ ፋይል፣ የነጋዴው መንጠቆ

ኮምቦልቻና ደሴ ላይ ከውጭ ዕቃ የምታስመጡ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። «የክፍያ ማረጋገጫ»፣ «የስዊፍት ኮፒ ተያይዟል» የሚል ኢሜይል ይመጣል። ክፍያው መተላለፉን የሚያሳይ ማረጋገጫ እየጠበቃችሁ ስለሆነ እጃችሁ ቀድሞ ይከፍተዋል። የፋይሉን ስም እስከ መጨረሻው አንብቡ። ፒዲኤፍ መስሎ መጨረሻው ዚፕ፣ ኤችቲኤምኤል ወይም ኤክስኢ የሚል ከሆነ አትንኩት። ኤችቲኤምኤሉ ብዙ ጊዜ የኢሜይል ፓስወርዳችሁን የሚጠይቅ ሐሰተኛ ገጽ ይከፍታል፤ ያንን ከሰጣችሁት ሌባው ኢሜይላችሁ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከአቅራቢው ጋር የምትጻጻፉትን እያነበበ ይቆይና ክፍያ ሲደርስ «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል፣ በዚህኛው ላኩ» ብሎ ይጽፋል። የሂሳብ ቁጥር ተቀየረ ከተባላችሁ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ የምታውቁትን ድምፅ ስሙ። በኢሜይል አትጠይቁ፣ የሚመልስላችሁ ሌባው ነው።

ስልክ ላይ ደግሞ ኤፒኬ የሚባል የአፕ መጫኛ ፋይል አለ። «አዲሱን የባንኩን አፕ ጫኑ» ብሎ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ፋይሉን ይልካል። የባንክ አፕ የሚጫነው ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ነው። በፋይል የመጣው ቴክስታችሁን የማንበብ ፈቃድ ይጠይቅና የሚመጣላችሁን ኮድ ከእናንተ ቀድሞ ያነበዋል።

በራሳችሁ መንገድ ሂዱ

ይሄን ሁሉ ማስታወስ ከበዳችሁ? አጎቴም ከበደው። በመጨረሻ ያልኩት ይህን ነው፦ መልእክቱ ባሳየህ በር አትግባ፣ በምታውቀው በር ግባ። ባቲ ሰኞ ግመል የሚገዛ ሰው ሻጩ ያወራውን ሰምቶ ብር አይቆጥርም፣ ራሱ ግመሉን አስነስቶ ያስኬደዋል፣ ጥርሱን ያየዋል።

ኢሜይሉ ላይ ያለውን ሊንክ ተዉት፣ የተጻፈውንም ስልክ ተዉት። የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆናችሁ 951 ደውሉ፣ ወይም *889# ብላችሁ ገብታችሁ ሂሳባችሁን ራሳችሁ እዩ። የሌላ ባንክ ከሆነ ካርዳችሁ ጀርባ ወይም ደብተራችሁ ላይ የታተመ ቁጥር አለ። ሂሳቡ በእውነት ሊዘጋ ከሆነ ይነግሯችኋል። ቅርንጫፍ መሄድ ደግሞ ሁልጊዜም ይቻላል፤ ወረፋው ያናድዳል፣ ግን ከወረፋ የሞተ የለም።

«ከባንኩ ነው የምደውለው» የሚላችሁንም እንዲሁ። ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ ደውሉ። «ኮከብ ኮከብ 21 ኮከብ ብላችሁ ይህን ቁጥር ደውሉ» የሚላችሁ ካለ እንዳታደርጉት፤ ያ ወደ እናንተ የሚደወለውን ጥሪ ሁሉ ወደ እሱ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። አድርጋችሁት ከሆነ ##002# ብላችሁ ደውሉ፣ ሁሉንም ማዞሪያ ያጠፋዋል።

ከተነከሳችሁ በኋላ

ማፈር የለም። ያፈረ ሰው እስከ ሰኞ ይደብቃል፣ ሌባው የሚፈልገው ያንን ነው። ፒን ወይም ኮድ ሰጥታችሁ ከሆነ በዚያው ደቂቃ ባንኩ ጋ ደውሉና ሞባይል ባንኪንጉንና ካርዱን አሳግዱ። ከዚያ ፒኑን ቀይሩ። የኢሜይል ፓስወርድ ሰጥታችሁ ከሆነ ከሌላ ስልክ ገብታችሁ ቀይሩት፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስወርድ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሩት፣ መልእክታችሁ ወደማታውቁት አድራሻ እንዲተላለፍ የተደረገ ነገር ካለ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጋችሁ አጥፉት፤ ይህቺን ብዙ ሰው ይረሳታል። ኤፒኬ ከጫናችሁ ኢንተርኔቱን አጥፉና አፑን አውጡት። ሲማችሁ በድንገት ኔትወርክ አጥቶ ከቀረ ደግሞ በሌላ ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉ፣ በስማችሁ ሌላ ሲም ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

መልእክቱን አታጥፉት። ስክሪንሾት አንሱት፣ ኢሜይሉንም እንዳለ አስቀምጡት፣ ከዚያ ፖሊስ ጋ ሂዱ። በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለል በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ «በስልክ የተደረገ ነገር ምን ይደረጋል» የሚላችሁ ካለ ቁጥሩን ንገሩት።

አጎቴ ያን ማታ ምንም አልተወሰደበትም። ሰኞ ጠዋት ቅርንጫፉ ሄዶ ፋይዳውን በአካል አገናኘ፣ 951ን ደግሞ ለእናቴ በእስክሪብቶ ደብተሯ ሽፋን ላይ ጻፈላት። ከዚያ ወዲህ ግን የሚመጣለትን መልእክት ሁሉ ለኔ መላክ ጀምሯል። ትናንት የላከልኝ የባንኩ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ነበር፣ እውነተኛው። «ኧረ ይሄ ምንም አልጠየቀህም እኮ» አልኩት።

«እሱ ነዋ ያስጠረጠረኝ» አለኝ።